ዕቃ ሞልቶ አፍ ሲተሳሰር፦ የወሎ አነስተኛ ነጋዴዎች መሸጥ ለምን ይከብዳቸዋል?

ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ሆኗል። «ዓይን አፋርነት ይብቃ፣ ደፍራችሁ ሽጡ» ይላል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ለጓደኛው ያጋራል። ደንበኛ ሲገባ ግን እንደ ልማዱ ዝም ይላል።

ችግሩ እውነተኛ ነው። ጥሩ ዕቃና ጥሩ ሙያ ይዘው መሸጥ ላይ የሚቸገሩ ብዙ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ጨርሳ ዋጋውን ለመናገር ትሽኮረመማለች። ባልትና የምታዘጋጀው እናት «ግዙኝ» ማለት ልመና ይመስላታል። አናጺው ቀሪ ክፍያውን ሊጠይቅ ይደውልና «ሰላም ልልህ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። በዚህ መሐል የሱቅ ኪራዩ ይደርሳል።

ምክንያቱ ላይ ግን ወሬው ይምታታል። አንዱ «ወሎዬ ይሉኝታ ስለሚያጠቃው ንግድ አይሆንለትም» ይላል። ሌላው «ገበያው ስለሞተ ነው እንጂ መሸጥ የሚጠላ ማን አለ?» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ ነገሩን ግን እስከ ሥሩ አያስረዱም። መሸጥን መፍራት በአብዛኛው ሰዎች ከኖሩበት ገበያ የተማሩት ጥንቃቄ ነው። የባሕርይ ጉድለት አድርጎ ማየት መፍትሔውንም ያሳስታል።

ንግድ ለወሎ ባዕድ አይደለም

መጀመሪያ «ወሎዬ ንግድ አይችልም» የሚለውን እናንሳ። ባቲ ላይ በየሳምንቱ ሰኞ የሚቆመው ገበያ ከአገሪቱ ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነው። አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል። ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እህሉን ጭኖ ይወርዳል። በተለያየ ቋንቋ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ይለያያሉ። ደሴ ውስጥም እስከ ዛሬ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር አለ። የወሎ ሙስሊም ነጋዴዎች ደጋውን ከቆላውና ከባሕር በር ጋር ሲያገናኙ ኖረዋል። መደራደር የማያውቅ ሕዝብ አይደለም።

ታዲያ ባቲ ላይ በድፍረት የሚከራከር ሰው ሱቁ ውስጥ ምላሱ ለምን ይተሳሰራል? ልዩነቱ ማን ቀድሞ ይናገራል የሚለው ላይ ነው። በገበያ ቀን ገዢው ራሱ ይመጣል። የፍየሏን ጥርስ ያያል፣ ወገቧን ይጨብጣል፣ «ስንት አልካት?» ይላል። ሻጩ የሚናገረው ተጠይቆ ነው። ዋጋ መቀነስና መጨመሩም ሁለቱም የሚጠብቁት ወግ ስለሆነ ማንም አያፍርም።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ክሊፎርድ ጊርትዝ የሞሮኮን ባህላዊ ገበያ አጥንቶ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለ ገበያ ዋና ችግሩ የመረጃ እጥረት ነው ብሏል። ሰዎች ችግሩን የሚወጡት በሁለት መንገድ ነው፤ አጥብቀው በመከራከርና ቋሚ ደንበኛ በመያዝ። ይህን ለማመን ሞሮኮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እኛም ዘንድ የእናት ደንበኛ ለልጅ ይተላለፋል።

ሱቅ፣ የቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ ገጽ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃሉ። ገዢው ገና አልመጣም። ቢመጣም ሻጩን አያውቀውም። ስለዚህ ቀድሞ መናገር ያለበት ሻጩ ነው። ስለ ራስ ዕቃ ማውራት ደግሞ ባደግንበት ወግ ራስን ማወደስ ይመስላል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ተረት አለን። ልጅ የምናሳድገው ግን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልን ነው። ያን ልጅ ነው ዛሬ ካሜራ ፊት ቁም የምንለው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

በድሮው ሥርዓት ክብር የሚገኘው ከመሬትና ከሹመት ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ የሠሩትን ሁሉም ይጠቀምበታል፤ እነሱን ግን ይንቃቸዋል። ሠርቶ መሸጥ የዝቅታ ምልክት ሆኖ ቆየ።

ደርግ ሲመጣ ንቀቱ ላይ ጥርጣሬ ተጨመረበት። በ1968 የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴ በችርቻሮ ከ200,000 ብር፣ በጅምላ ከ300,000 ብር በላይ ካፒታል እንዳይኖረው ገደበ። ከዚያ ያለፈ ነጋዴ ሕገ ወጥ ነው፤ ወደዚያ የተጠጋም «አሻጥረኛ» የመባል ዕድል ነበረው። የዚያ ዘመን ወላጅ «ሱቅህን አታሳምር፣ ዓይን ውስጥ ትገባለህ» ብሎ ልጁን ቢመክር አይፈረድበትም። ዛሬም ዋጋ በናረ ቁጥር በየዜናው የሚሰማው «ስግብግብ ነጋዴ» የሚል ነው። ሸቀጥ ደብቆ ዋጋ የሚያንር ነጋዴ አለ፤ መቀጣትም አለበት። ስድቡ ግን መጋዘን ሙሉ ዘይት የደበቀውን በቀን ጥቂት ኪሎ ሽሮ ከምትሸጠው እናት አይለይም።

ወሎ ላይ ደግሞ የረሀብ ትዝታ አለ። በ1965 እና 66፣ ከዚያም በ1977 ሰው እህል አጥቶ ባለቀበት አገር ከሰው ችግር ማትረፍ ነውር ሆኖ ቢታይ አይገርምም። ይህ መልካም ሥነ ምግባር ነው። ችግር የሚሆነው ማንኛውም ትርፍ በዚያው ዓይን ሲታይ ነው።

ሌላው ቅርብ ጊዜ የመጣው ኔትወርክ ማርኬቲንግ ነው። ሰው ዕቃ ከመሸጥ ይልቅ ከሥሩ ሌሎች ሰዎችን በመመልመል ኮሚሽን የሚያገኝበት አሠራር ማለት ነው። ዘመድና ጓደኛ እየተጠራ «ሕይወትህን የሚቀይር ነገር ላሳይህ» ሲባል ከርሟል። ገንዘባቸውንም ወዳጃቸውንም ያጡ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው «አንድ ነገር ልንገርህ» ሲባል ይሸሻል። ሐቀኛዋ ሻጭም ያልተበደረችውን ዕዳ ትከፍላለች።

የግብሩ ጉዳይ

ይህኛው በሥልጠናና በምክር ቪዲዮዎች ላይ ብዙም አይነሳም። አንድን ባለ ሱቅ «ገበያ እንዴት ነው?» ብትሉት መልሱ «ያው፣ ምንም አይል» ነው። ጥሩ ሸጦ በዋለበት ቀንም መልሱ አይቀየርም።

ምክንያት አለው። የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አነስተኛ ነጋዴ ግብሩ ሲወሰን የኖረው በቁርጥ ነው። መነሻው ደግሞ የቀን ገቢ ግምት ነው። ገማቾች ይመጣሉ፣ ሱቁን ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ «ይህ ሱቅ በቀን ይህን ያህል ይሸጣል» ብለው ይመዘግባሉ። በ2009 ክረምት ይፋ የሆነው ግምት በብዙ ከተሞች ቅሬታ አስነስቶ፣ በአንዳንዶቹም ሱቅ እስከ መዝጋት እንዳደረሰ ይታወሳል።

በእንዲህ ያለ አሠራር ትልቅ ታፔላ ራሱ ያስፈራል። በር ላይ የተሰለፈ ደንበኛ ያስፈራል። ቲክቶክ ላይ «የዛሬውም ተሸጦ አለቀ» ብሎ መለጠፍ በራስ ላይ መመስከር ይመስላል። ደብዘዝ ብሎ መኖር ያዋጣል የሚል ስሌት አለ፤ ስሌቱም ከእውነታው የራቀ አይደለም። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ የግብር ከፋይ ደረጃዎችን ከሦስት ወደ ሁለት አውርዷል። የሰዉ ልማድ ግን ከአዋጅ በኋላ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ግብር ፈርቶ የተደበቀን ሰው ስለ በራስ መተማመን ቀኑን ሙሉ ቢያስተምሩት ፍርሃቱ እዚያው ነው።

ዝምታ እንዴት ያከስራል?

ወደ ሱቁ ውስጥ እንግባ። የባልትና ሱቅ ነው እንበል። የማያውቃት ወጣት ይገባል።

«እናቴ፣ ሽሮው እንዴት ነው?»

«ያው እንደምታየው ነው ልጄ።»

«ጥሩ ነው?»

«እንግዲህ ቀምሰህ ፍረደው።»

ልጁ ፈገግ ብሎ፣ «እሺ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። አይመለስም። እሷም ለጎረቤቷ «ገበያ የለም» ትላለች።

ሳይነገር የቀረውን እንየው። ሽሮው ሽምብራና አተር ብቻ ነው፤ ጓያ የለበትም። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግር ሽባ እንደሚያደርግ ወሎ ውስጥ የሚታወቅ ነገር ነው። ስለዚህ «ጓያ የለበትም» ማለት ለገዢ ትልቅ ወሬ ነው። እህሉ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ ወፍጮ የገባው በዚህ ሳምንት ነው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው ገብቶበታል። ለጾም ያለ ቅቤ ቢሠራም ይጣፍጣል። ይህን ሁሉ እናቲቱ ታውቃለች። ልጁ አያውቅም። የተፈጨ ዱቄት ደግሞ በዓይን ብቻ አይለይም።

ኢኮኖሚስቶች ይህን የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል። ከሻጭና ከገዢ አንዱ ስለ ዕቃው ሌላው የማያውቀውን ሲያውቅ ማለት ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ ውጤቱን አሳየ። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካቃተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይወስናል። በዚያ ዋጋ የጥሩ ዕቃ ባለቤት ስለማያዋጣው ከገበያ ይወጣል። ቀስ በቀስ መጥፎው ብቻ ይቀራል። አከርሎፍ በዚህ መስክ በሠራው ሥራ በ2001 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋርቷል።

ይህ ለእኛ ገበያ የተጻፈ ይመስላል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ሰው ደግሞ ምላሱ አይተሳሰርም። «ንጹሕ ነው፣ የእናቴ እጅ ነው» ብሎ ይምላል። ሐቀኛዋ አፍራ ዝም ስትል ገበያውን ለእሱ ትለቅለታለች። የሚጎዳው የእሷ ኪስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የግል ጉዳይ ነው ባልን። ግን ያ ወጣት መንገዱን ተሻግሮ ከአስመሳዩ ገዝቷል። ለዚህ ነው የዝምታዋ ጉዳይ የሁላችንም ጉዳይ የሚሆነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። አጭበርባሪውም የሚናገር ከሆነ ገዢው ማንን ይመን? ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። የሚለየው ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ነው። ያልተፈጨውን ክክ በሳህን ከሽሮው ጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ትንሽ አብስሎ ማቅመስ ይቻላል። «ቤት ወስደህ ካልወደድከው መልሰው» ማለት ይቻላል። አከርሎፍም ዋስትናና የታወቀ ስም ለዚህ ችግር መድኃኒት እንደሆኑ ጽፏል። አጭበርባሪ «መልሰው» ለማለት አይደፍርም፤ በእርግጥም ይመለስበታላ።

ዋጋ መናገር ለምን ይከብዳል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ መናገር የበለጠ ከብዷል። ደንበኛው «ባለፈው በዚህ አልነበር እንዴ?» ይላል። ሻጯም ዓይኑን አይታ በድሮው ዋጋ ትሰጠዋለች። ደግነት ይመስላል።

በቁጥር እንየው። አንዲት ባለ ቡቲክ ጫማ በ1,000 ብር አምጥታ በ1,200 ትሸጥ ነበር እንበል። አሁን ያንኑ ጫማ ለማምጣት 1,400 ብር ይጠይቃል። በ1,200 ስትሸጥ ደብተሯ «200 ብር አተረፍሽ» ይላታል። መርካቶ ስትወርድ ግን በእያንዳንዱ ጫማ 200 ብር ይጎድላታል። አሥር ጫማ ሸጣ መተካት የምትችለው ስምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚተርፋት ዘጠነኛውን አይገዛም። ይህ የመተኪያ ዋጋ ይባላል፤ የተሸጠውን ዕቃ መልሶ ለማምጣት ዛሬ የሚያስፈልገው ገንዘብ ማለት ነው። ብዙ አነስተኛ ሱቆች እየሸጡ የሚያልቁት በዚህ መንገድ ነው። ባለቤቶቹም የት እንደገባ አያውቁትም።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባል ነገር ተስፋፍቷል። ሻጩ የሚሰጠው ምክንያት ተፎካካሪ እንዳያይበት ነው። አንዳንዴ ከጀርባው እፍረት አለ። ዋጋውን በአደባባይ ከመጻፍ ለአንድ ሰው በሹክሹክታ መንገር ይቀላል። ገዢው ግን «ሁኔታዬን አይቶ ሊጨምርብኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በዚያ ላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ዋጋ መለጠፍ ሕግ ማክበር ነው፤ ለዓይን አፋር ሻጭ ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው። ወረቀቱ ይናገርላታል። «ትንሽ ቀንሺልኝ» የሚል አይጠፋም፤ ክርክሩ ግን ከታወቀ ቁጥር ይጀምራል።

የሚቃወሙ ሐሳቦች

ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ከሃይማኖት የሚነሳ ነው። ሲሳይ ከላይ ነው፤ ሪዝቅ የሚሰጠው አላህ ነው፤ ሰው ላይ ችክ ማለት ምን ይሠራል? የሚል። በወሎ ሱቆች ይህ ሐሳብ በሁለቱም እምነት ሰዎች ዘንድ ይሰማል። በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ገበያ ላይ ገደብ ያኖረው እሱ ነውና።

ግን ሁለቱም እምነቶች የሚከለክሉት መናገርን አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ ራሳቸው ነጋዴ ነበሩ። በሐዲስ የተወገዘው በመሐላ ዕቃ መሸጥና የዕቃን ጉድለት መደበቅ ነው። ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ጉድለቱን ከገለጡ ግብይታቸው በረካ እንደሚኖረው ተነግሯል። ወንጌሉም «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ይላል፤ የሚከለክለው መሐላን ነው። ጉድለትን መግለጥ በራሱ ንግግር ነው። ዝም ያለ ሻጭ የዕቃውን ጥሩነት ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ደብቋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኢኮኖሚ ነው። ሰው ገንዘብ ከሌለው ቢናገሩትስ ምን ይገዛል? ይህ ከባድ ነጥብ ነው። በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሱቃቸው ተዘርፎ ከባዶ የጀመሩ ብዙ ነጋዴዎች አሉ። ገዢውም ያው ተጎጂ ነው። የመሸጥ ችሎታ የሰው ኪስ ውስጥ ብር አይጨምርም። በቅርቡ ሰው የቀበረን ቤተሰብ፣ ሥራ ያጣን ጎረቤት «ግዛ» ማለትም ያሳፍራል፤ ማሳፈርም አለበት።

ያም ሆኖ ሰው ብር ሲያጥረው መግዛቱን አይተውም፤ አጥብቆ መምረጥ ይጀምራል። ሽሮ መብላት አያቆምም። የትኛው ሽሮ ብሩን እንደማያስቆጨው ማወቅ ይፈልጋል። የተጠበበ ገበያ ውስጥ ማስረዳት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ መጨቅጨቅ ግን ይበልጥ ይጎዳል።

ምን ያዋጣል?

ከላይ ያለው ትንታኔ ትክክል ከሆነ የሚሠራው መንገድ ባሕርይን መለወጥ አይጠይቅም። ሻጩ ሳይጠየቅ የሚናገራቸውን ሁለት ሦስት እውነቶች አስቀድሞ ቢያዘጋጅ በቂ ነው፤ ከምን ተሠራ፣ መቼ ተሠራ፣ ለማን አይሆንም። የመጨረሻው በተለይ ይጠቅማል። «ይህ በርበሬ ለልጆች ያቃጥላል፣ ለእነሱ አለዝበን የፈጨነው ይሻላል» ያለች ሻጭ በቀጣዩ የምትለው ሁሉ ይታመናል። ዓይን አፋር ሰው ደግሞ ራሱን ማወደስ ቢከብደውም እውነት መናገር አይከብደውም።

ከዚያ አንድ ጊዜ መጠየቅ ነው። «ግማሽ ኪሎ ላድርግልህ?» ይበቃል። «አይ» ካለ «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» ብሎ መሸኘት ይሻላል። ችክ ማለት ብዙዎች ሽያጭ ብለው የሚፈሩት ነገር ነው፤ እሱን ማስወገድ ፍርሃቱን ራሱን ያቀለዋል። ቀሪ ክፍያና ዱቤ ላይም እንደዚሁ ነው። ቀኑ መጀመሪያ ከተነገረና በደብተር ከተጻፈ በኋላ መደወል ያን ያህል አይከብድም። በቴሌብር የተላከ ክፍያ መልእክቱ ስለሚቀር «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚለውን ክርክር ይቀንሳል።

አንዳንዱ ጨርሶ አይሆንለትም። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሌላ ሰው ቢያገኝ ነውር የለውም። ባል ይሰፋል፣ ሚስት ትሸጣለች። እህት ታበስላለች፣ ወንድም የቴሌግራሙን ቻናል ይይዛል። ወጪ አለው፤ ድርሻው ግን መጀመሪያውኑ በግልጽ መነገር አለበት፤ ይሉኝታ ቤት ውስጥም ያጣላልና።

ለውጥ ካልመጣ የሚከተለው አሁንም እየታየ ነው። የደሴ ወጣት ስልኩን ከፍቶ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ጫማና ልብስ ያዛል። ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣለታል። ያ ሻጭ የሚሸጠው ዕቃ እዚያው ደሴ ፒያሳ ላይ ካለው የተለየ ላይሆን ይችላል። ፎቶው፣ ቁጥሩ፣ ዋጋው ግን ተጽፏል። የአካባቢው ሱቅ ተዘግቶ ሲያድር አብሮ የሚጠፋው የአንድ ቤተሰብ እንጀራ፣ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝና የከተማዋ ግብር ነው።

ለዚህ ነው ጉዳዩ ለሻጮቹ ብቻ የማይተወው። ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሚሰጡ ሥልጠናዎች ብድርና መዝገብ አያያዝ ላይ የሚያተኩሩትን ያህል ከደንበኛ ጋር መነጋገርን በሱቅ ውስጥ ቢያለማምዱ ይጠቅማል። የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ የቀን ገቢ ግምት ሲሰጡ እንዴት እንደተሰላ በጽሑፍ ቢያስረዱ፣ ቅሬታውንም በቶሎ ቢያዩ ትልቅ ለውጥ ይመጣል። ታፔላ መስቀል ግምቱን እንደማይጨምር በእርግጠኝነት ያወቀ ባለ ሱቅ ታፔላውን ይሰቅላል፤ ዋጋውንም በሩ ላይ ይለጥፋል።